ዓይኔን ይበላኛል፣ ቆቡም ያብጣል፤ ምን ላድርግ?

ስለ ዓይን የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ተጠራቅመውብኛል። አንድ በአንድ ከምመልሳቸው አንድ ላይ ቢወጡ ይሻላል ብዬ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ ለእነሱ ለቅቄያለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይኔን ሲበላኝ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ የዓይን ሐኪም ፊትም ስንት ጊዜ እንደተቀመጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስም የሚባል ነገርም አውጥቻለሁ።

«ጠዋት ስነሳ ሁለቱም ዓይኖቼ ይበሉኛል። መጀመሪያ ቀስ ብዬ ነው የማሸው፣ ከዚያ ማቆም ያቅተኛል። ለአንድ ደቂቃ ገነት የገባሁ ይመስለኛል። ከዚያ ግን ቆቡ ያብጥና ዓይኔ ደም ይመስላል፤ ሥራ ስገባ ሁሉም ሰው “ስታለቅሺ ነው እንዴ ያደርሽው?” ይለኛል። ኧረ እኔ አላለቀስኩም! ማሸቱን እንዴት ልተው?»

ያቺን የአንድ ደቂቃ ገነት በደንብ አውቃታለሁ፣ እህቴ። ዋጋዋንም አውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጩን የዓይን ክፍልና የቆቡን ውስጠኛ ገጽ የሚያለብስ ስስ ሽፋን አለ። እዚያ ውስጥ ማስት ሴል የሚባሉ ሕዋሳት ተሰግስገዋል፣ ሂስታሚን የሚባል ኬሚካልም ቋጥረው ይዘዋል። አለርጂ ያለበት ሰው ዓይን ላይ የአበባ ብናኝ ወይም የቤት አቧራ ሲያርፍ የቋጠሩትን ይዘረግፉታል። ሂስታሚኑ ነርቭ ሲነካ ያሳክካል፣ የደም ሥር ሲያሰፋ ዓይን ይቀላል፣ ከደም ሥሩ ፈሳሽ ሾልኮ ሲወጣ ደግሞ ቆብ ያብጣል። የቆብ ቆዳ ከመላው ሰውነታችን በጣም ስሱ ስለሆነ ትንሽ ፈሳሽ እንኳ ሲገባበት እንደ ፊኛ ይነፋል።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የአለርጂው ነው። አንቺ በጉልበት ስታሺው ግን እነዚያ ሕዋሳት በመታሸታቸው ብቻ፣ ምንም አዲስ ብናኝ ሳይመጣ፣ ተጨማሪ ሂስታሚን ይለቃሉ። በእሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ማለት ይሄ ነው። ጠዋት ከምታይው እብጠት ምን ያህሉ ከአለርጂው፣ ምን ያህሉ ከእጅሽ እንደሆነ ለማወቅ ከፈለግሽ አንድ ሳምንት ብቻ ሳታሺ ሞክሪው። እኔ ሞክሬ አፍሬያለሁ።

ሌላም የማይወራለት ነገር አለ። ለዓመታት በኃይል ማሸት ኬራቶኮነስ ከሚባል በሽታ ጋር ይያያዛል። ከብሌኑ ፊት ያለው እንደ መስታወት ጥርት ያለው ክፍል፣ ኮርኒያ የሚባለው፣ እየሳሳ ሄዶ ወደ ፊት ይሾላል፣ እይታም ይወላገዳል። ዓይኑን የሚያሽና የመነጽሩ ቁጥር በየጊዜው የሚቀያየርበት ወጣት ካለ ይህንን መመርመር አለበት።

እንግዲህ «አትሺ» ማለት ቀላል ነው፣ የሚበላው የእኔ ዓይን አይደለም። ስለዚህ እጅሽን ሌላ ሥራ ስጪው። ንጹሕ ፎጣ በቀዝቃዛ ውሃ ነክረሽ ጨምቂና ዓይንሽን ጨፍነሽ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አስቀምጪበት። ቅዝቃዜው የሰፋውን የደም ሥር ያጠብበዋል፣ ነርቩንም ያደነዝዘዋል። በረዶ ከሆነ በጨርቅ ይጠቅለል፣ ባዶውን ቆዳ ላይ አይሁን። ሁለተኛው ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለው ጠብታ ነው። መድኃኒት የለበትም፣ ዓይን ላይ ያረፈውን ብናኝ አጥቦ ያወርደዋል። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠሽ ቀዝቀዝ ሲል ብታደርጊው ደስታው ሌላ ነው። በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የምታደርጊው ከሆነ ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ፈልጊ፤ ማቆያው ራሱ ሲበዛ ዓይን ይቆጠቁጣል።

ጠዋት ለምን ይብሳል ላልሽው፣ አንደኛ ሌሊቱን በጀርባ ተኝተን ፈሳሹ ቆብ ውስጥ ያድራል፤ ትራስ ከፍ ማድረግ ይረዳል። ሁለተኛ ትራሱ ራሱ ነው። በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮች የሚወዱት ቦታ ፍራሽና ትራስ ነው። የትራስ ልብስና አንሶላ በሳምንት አንዴ በ60 ዲግሪ ውሃ ይታጠብ። ውጭ ውለሽ ከገባሽ ደግሞ ከመተኛትሽ በፊት ፀጉርሽን ታጠቢ፤ ቀኑን ሙሉ የለቀምሽውን ብናኝ ይዘሽ አልጋ ውስጥ አትግቢ።

የሚያጽናናሽ ከሆነ አንድ ወሬ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1819 ጆን ቦስቶክ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በየበጋው ዓይንን ስለሚያሳክክና ስለሚያቃጥል፣ ደረትንም ስለሚያፍን አንድ ሕመም ለሙያ ባልደረቦቹ ጽፎ አቀረበ። በሽተኛው ማን ነው? እሱ ራሱ። «አለርጂ» የሚለው ቃል ገና አልተፈጠረም ነበር፤ ቃሉን ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የተባለ ኦስትሪያዊ የሕፃናት ሐኪም ያወጣው በ1906 ነው።

«ዓይኔን ሲበላኝ ጎረቤቴ ለራሷ የታዘዘላትን ጠብታ ሰጠችኝ። ተአምር ነው! በሁለት ቀን ዓይኔ አዲስ ሆነ። አሁን 7 ወሬ ነው፣ ሲያልቅብኝ እየገዛሁ እቀጥላለሁ። ሳቆም ይመለሳል፣ ሳደርግ ይጠፋል። ብልቃጡ ላይ ዴክሳሜታዞን ይላል። ባለቤቴ “ሐኪም ይይህ” እያለች ትጨቀጭቀኛለች። የሚሠራ መድኃኒት በእጄ እያለ ምን ብዬ ልሰለፍ?»

ባለቤትህ ልክ ናት። ይህንን ደብዳቤ ሳነብ ሆዴ ቦጭ ነው ያለው፣ እውነቴን ነው።

የያዝከው ስቴሮይድ ነው። በፍጥነት የሚሠራው ለዚያ ነው፤ ስቴሮይድ አለርጂውንም፣ መቅላቱንም፣ እብጠቱንም ባንዴ ጸጥ ያደርጋል። ሐኪም አይቶ ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ሲያዘው ጥሩ መድኃኒት ነው። ያለ ተቆጣጣሪ ለወራት ሲደረግ ግን አንዳንድ ሰው ላይ የዓይን ውስጥ ግፊትን ይጨምራል። ግፊቱ ሲጨምር ዓይንህን አያምህም። አይቀላም። የተለየ ነገር አይሰማህም። ውስጥ ውስጡን የዓይንህን ነርቭ እየገደለ ግን የዳር እይታህን ይበላዋል፤ አንተ ልብ የምትለው በሩን መግጨት ስትጀምር ወይም ከጎንህ የመጣ ሰው ሲያስደነግጥህ ነው። ግላኮማ ይሄ ነው፤ የጠፋው እይታ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ሁለተኛው ጣጣ የዓይን ሞራ ነው፣ ያኛው እንኳ በቀዶ ሕክምና ይነሳል። ሦስተኛው፣ ዓይንህ የቀላው በሄርፒስ ቫይረስ ወይም በፈንገስ ከሆነና ስቴሮይድ ካደረግክበት በሽታውን አብልተህ ታሳድገዋለህ።

ስለዚህ ብልቃጡን ደብቀህ ሳይሆን ይዘህ ሂድ። «7 ወር አድርጌያለሁ» በል፣ አትፈር። የዓይን ግፊትህን ይለኩልሃል፣ ምርመራው ቶሎ የሚያልቅና የማያም ነው። እንዴት እንደምታቆመውና በምን እንደምትተካውም እነሱ ይንገሩህ።

ለሌሎቻችሁም አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ጠብታ ከማድረጋችሁ በፊት የመድኃኒቱን ስም በጥቃቅን ፊደል ከተጻፈበት ፈልጋችሁ አንብቡ። መጨረሻው «ዞን» ወይም «ሎን» ከሆነ፣ ዴክሳሜታዞን፣ ቤታሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ፍሎሮሜቶሎን እያለ ከሄደ፣ ስቴሮይድ ነውና ያለ ሐኪም አትንኩት። ከአንቲባዮቲክ ጋር ተቀላቅሎ የሚሸጥም አለ፤ ሰው «የኢንፌክሽን ጠብታ ነው» ብሎ ለማንም የሚያውሰው እሱን ነው። በነገራችን ላይ ሰው ዓይን የነካ ብልቃጥ መዋዋስ በራሱ ጀርም መለዋወጥ ነው።

«ቅላት ያጠፋል» ተብሎ የሚሸጠውም ጠብታ፣ ናፋዞሊን ወይም ቴትራሃይድሮዞሊን ያለበት፣ ለአንድ ቀን ሠርግ ይሆናል እንጂ የሕክምና ጠብታ አይደለም። ከጥቂት ቀናት በላይ ስታስለምዱት ሲቆም ዓይን ከበፊቱ ብሶ ይቀላል። ስንቱ ሰው ነው «ያለ እሱ ዓይኔ አይጠራም» እያለ ዓመት የሚከርመው።

«ታዲያ የትኛውን ጠብታ ልጠቀም? የአለርጂ ኪኒንስ አይበቃም?»

አጭር ጥያቄ፣ ረጅም መልስ።

ለዓይን አለርጂ በመጀመሪያ የሚመረጡት ኦሎፓታዲንና ኬቶቲፈን የሚባሉት ዓይነት ጠብታዎች ናቸው። ሁለት ሥራ ይሠራሉ፦ የተለቀቀውን ሂስታሚን ይከለክላሉ፣ ማስት ሴሉም ተጨማሪ እንዳይለቅ ያረጋጉታል። በደቂቃዎች ውስጥ ይጀምራሉ። ኬቶቲፈን በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ ኦሎፓታዲን እንደ ጥንካሬው አንዴ ወይም ሁለቴ። ክሮሞግሊኬት የሚባል የቆየ ጠብታም አለ። እሱ ደግሞ በቀን 4 ጊዜ ነው፣ ትዕግሥትም ይጠይቃል፤ ሙሉ ጥቅሙ የሚታየው ከቀናት እስከ ሳምንታት ቆይቶ ነው። ሰው ሦስት ቀን ሞክሮ «አይሠራም» ብሎ የሚጥለው መድኃኒት ነው፣ ያሳዝነኛል። በየዓመቱ በአንድ ወቅት የሚነሳባችሁ ከሆነ ወቅቱ ከመግባቱ በፊት ጀምሩት።

ኪኒኑ፣ ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን፣ ማስነጠስና የአፍንጫ ፈሳሽ አብሮ ካለ ጥሩ ነው። ዓይን ብቻ ከሆነ የሚያስቸግራችሁ ግን ጠብታው በቀጥታ ቦታው ላይ ስለሚደርስ ይሻላል። ኪኒን አንዳንድ ሰው ላይ ዓይን ያደርቃል፤ የደረቀ ዓይን ደግሞ ብናኝ የሚያጥብበት እንባ የለውም። የድሮዎቹ፣ እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉት፣ ያስተኛሉ። ዋጥ አድርጎ መኪና መንዳት የለም።

አሁን ደግሞ ሁሉም ሰው የሚሳሳትባት ነገር። አንድ ጠብታ ይበቃል። ዓይን መያዝ የሚችለው ወደ 30 ማይክሮ ሊትር ገደማ ነው፣ ከብልቃጥ የሚወርደው አንድ ጠብታ ራሱ ከዚያ ይበልጣል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጉንጫችሁን ነው የሚያክሙት። እጃችሁን ታጠቡ፣ ቀና በሉ፣ የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጋችሁ ኪስ ስትሠራ እዚያ ላይ ጣሉት፤ የብልቃጡ ጫፍ ዓይን አይንካ። ከዚያ አታርገብግቡ። ጨፍናችሁ አፍንጫ በኩል ያለችውን የዓይን ጥግ በጣት ለአንድ ሁለት ደቂቃ ጫን አድርጉ፣ አለዚያ መድኃኒቱ በእንባ መውረጃው አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ መራራ መራራ ይላችኋል። ሁለት ዓይነት ጠብታ ካላችሁ በመሃል 5 ደቂቃ ጠብቁ። ብልቃጥ ሲከፈት ቀኑን ጻፉበት፤ አብዛኞቹ ከተከፈቱ ከ4 ሳምንት በኋላ ይጣላሉ።

ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ፣ ዓይናችሁ ተቆጥቶ እያለ ሌንሱን አውጡትና በመነጽር ቆዩ። ብናኙ ሌንሱ ላይ ተለጥፎ ነው የሚውለው።

«የ8 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ዓይኑን ሲያሽ ይውላል። ፀሐይ ላይ ሲወጣ ጭፍን ያደርገዋል፣ ጠዋት ከዓይኑ እንደ ክር የሚሳብ ነጭ ነገር ይወጣል። በየዓመቱ ሙቀት ሲመጣ ይብስበታል። “ሲያድግ ይተወዋል” ይሉኛል። ልጠብቅ?»

አይጠብቁ፣ እናቴ። የጻፉልኝ ተራ አለርጂ አይመስልም። ቨርናል የሚባል ከበድ ያለ የዓይን አለርጂ አለ፤ በሞቃትና ደረቅ የአየር ጠባይ ይበዛል፣ ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ልጆችን ይይዛል፣ ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት በፊት ይጀምራል። የላይኛውን ቆብ ሲገለብጡት ውስጡ እንደ ኮብልስቶን መንገድ ጎርበጥባጣ ሆኖ ይታያል። ልጁ በተርገበገበ ቁጥር ያ ጎርባጣ ኮርኒያውን ይፍቀዋል፣ ብርሃን የሚፈራውም ለዚያ ነው። ሲብስ ኮርኒያው ላይ ቁስል ያወጣል፣ ጠባሳም ሊተው ይችላል።

«ሲያድግ ይተወዋል» የሚሉዎት ሰዎች ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፣ ብዙ ልጆች ጉርምስና ሲያልፍ ይሻላቸዋል። ግን እስከዚያ ዓይኑ ሳይጎዳ መድረስ አለበት። በዚህ በሽታ ብዙ ልጆች የሚጎዱት ደግሞ ከላይ ለወንድሜ በጻፍኩለት ስቴሮይድ ነው፤ ቤተሰብ ባየው ለውጥ ተደስቶ ዓመት ሙሉ ይገዛል፣ ልጁ ማሳከኩ ይቀርለትና ግላኮማ ይተርፈዋል። የዓይን ሐኪም ያሳዩት፣ በቀጠሮም ይከታተሉት። እስከዚያ ኮፍያ፣ የፀሐይ መነጽርና ቀዝቃዛ ፎጣ። ትምህርት ቤት ለመምህሩም ይንገሩ፤ ሰሌዳ የማያየው ሰነፍ ሆኖ አይደለም።

«የሚያሳክከኝ ዓይኔ ሳይሆን የቆቤ ቆዳ ነው። ይቀላል፣ ይደርቃል፣ ይላላጣል። ማስካራና ኩል ከተውኩ ሁለት ወር አለፈኝ፣ ለውጥ የለም። ምን ቀረኝ?»

ጥፍርሽ!

አትሳቂ፣ ከምሬ ነው። የቆብ ቆዳ የሚቆጣው ዓይን ላይ በተቀባ ነገር ብቻ አይደለም። የጥፍር ቀለም፣ በተለይ ጄል የሚባለውና አርቴፊሻል ጥፍር፣ የጣት ቆዳን ምንም ሳያደርግ ቆብን ሊያስቆጣ ይችላል፤ ጣትሽ በቀን ስንት ጊዜ ዓይንሽን እንደሚነካ አስቢ። የፀጉር ቀለም፣ ሻምፖ፣ ሽቶም እንደዚያው። እኔን ለሦስት ወር ያንገላታኝ አዲስ ሻምፖ ነበር፤ ራሴን ምንም አላደረገኝም፣ ሲታጠብ እየወረደ ቆቤን ነው የጨረሰው።

እንቆቅልሹን የሚያከብደው ይህ ዓይነቱ አለርጂ ወዲያው አለመምጣቱ ነው። ዛሬ የነካሽው ከነገ በስቲያ ነው የሚወጣብሽ። ስለዚህ «ትናንት ምን ተቀባሁ» ሳይሆን «በዚህ ሳምንት ምን ነካሁ» ብለሽ ጠይቂ። ለሦስት አራት ሳምንት ሁሉንም አቁሚ፣ በውሃ ብቻ ታጠቢ፣ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ስስ አድርገሽ ቀቢ። ከዚያ አንድ በአንድ መልሺ። ካልተገኘ የቆዳ ሐኪም ጀርባ ላይ ንጥረ ነገሮችን በፕላስተር ለጥፎ ከሁለት ቀን በኋላ የሚያነብበው ምርመራ አለ። ቤት ያለውን የቆዳ ስቴሮይድ ቅባት ግን ቆብሽ ላይ እንዳታሳርፊ፣ በስሱ ቆዳ አልፎ ዓይን ውስጥ ይገባል።

«ዓይኔ ሲቀላ የሥራ ባልደረቦቼ ይሸሹኛል። አለርጂ ነው ብላቸው አያምኑኝም። ይተላለፋል እንዴ?»

አለርጂ አይተላለፍም። ዓይን ማዝ ግን ይተላለፋል፣ ሰዎቹም የፈሩት እሱን ነውና አትቀየማቸው። መለያው ይኸው፦ አለርጂ ሁለቱንም ዓይን ባንድ ጊዜ ነው የሚይዘው፣ ከሁሉ በላይ ያሳክካል፣ ፈሳሹ ውሃ ነው። በቫይረስ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ካንዱ ዓይን ጀምሮ በቀናት ውስጥ ወደ ሌላኛው ይሻገራል፣ ከማሳከክ ይልቅ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፣ ጉንፋንም አብሮት ሊኖር ይችላል። ጠዋት ሽፋሽፍት የሚያጣብቅ ቢጫ ወይም አረንጓዴ አይናር ካለ ደግሞ ባክቴሪያ ይጠረጠራል።

«ዓይኔን አይበላኝም፣ አይቀላም። ግን ከሳምንታት ወዲህ ጠዋት ሁለቱም ቆቦቼ ያብጣሉ። ማታ ጫማዬ ይጠብበኛል። የአለርጂ ኪኒን ወሰድኩ፣ ምንም።»

እርስዎ ጋ አለርጂውን እንርሳው። የማያሳክክ እብጠት፣ በዚያ ላይ እግር አብሮ ሲያብጥ፣ የኩላሊት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ኩላሊት ፕሮቲን ሲያፈስ ሽንት አረፋ ይሠራል፤ እስቲ ይመልከቱ። የሽንት ምርመራ ቀላል ነው፣ በዚህ ሳምንት ያሠሩት። ልጆች ላይም እንዲሁ ነው፤ ፊቱ የሚያብጥ ሕፃን ስንት ጊዜ «አለርጂ ነው» እየተባለ ይከርማል።

እግረ መንገዴን፦ ዓይን የሚያም ከሆነ፣ እይታ ከደበዘዘ፣ ብርሃን ማየት ካቃተ፣ ወይም አንዱ ቆብ ቀልቶና ግሎ ትኩሳት ካመጣና ዓይንን ማንቀሳቀስ ካሳመመ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው። ኬሚካል የተረጨበት ዓይን መጀመሪያ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ ይታጠባል፣ ከዚያ ይሮጣል። ከቆብ ጋር ከንፈርና ምላስ አብጦ መተንፈስ ካስቸገረ ግን ለደቂቃም አይጠበቅም፣ ድንገተኛ ክፍል ነው።

«ድመቴን ሳቅፋት ዓይኔ ያብጣል። ቤተሰቦቼ “ወይ አንቺ ወይ እሷ” አሉኝ። ላስወጣት?»

እንዲህ ያለ ፍርድ እኔ ላይ አትጣሉ እንጂ!

ለማንኛውም አንድ ነገር እወቂ። የሚያስቆጣሽ ፀጉሯ ሳይሆን በምራቋና በቆዳዋ ላይ ያለ ፕሮቲን ነው፤ በጣም ቀላል ስለሆነ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ምንጣፍና ሶፋ ላይ ይጣበቃል። ድመቷ ብትሄድ እንኳ ቤት ውስጥ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ «አስወጣናት፣ ለውጥ የለም» ብለው በሁለተኛው ሳምንት የሚደመድሙ ሰዎች ቸኩለዋል ማለት ነው። ከዚያ በፊት መኝታ ቤትሽን ከልክያት፤ በርሽ ይዘጋ፣ አልጋሽ ላይ አንድም ቀን አትውጣ። ካቀፍሻት በኋላ እጅሽን ታጠቢ፣ ልብስሽን ቀይሪ። ጠብታውንም ከማቀፍሽ በፊት አድርጊው፣ ካበጠ በኋላ ብዙ አያግዝሽም። ሁለት ወር ሞክሪውና የሆነውን ጻፊልኝ። ካልተሻለሽ ወይም ደረትሽ ሲር ሲር ማለት ከጀመረ ግን ለእሷ ሌላ ቤት ፈልጊላት፤ ያኔ ነገሩ ከዓይን አልፏል።